ዳራው ይታይ

በየዓመቱ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የራያ ቆቦ ልጃገረዶች ለሶለል የጭፈራ በዓል ሲወጡ ካሜራውም ተከትሏቸው ይወጣል። በዓሉ ሲያልፍ በየማኅበራዊ ገጹ የሚለጠፈው ፎቶ ግን አንድ ዓይነት ነው። ሹሩባ የተሠራች አንዲት ልጅ ከደረቷ በላይ ትታያለች፤ ፊቷ ጥርት ብሏል፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ደብዝዟል። ከበሮው የለም። የሚያጨበጭቡት ጓደኞቿ የሉም። የሚጨፍሩበት ደጅና ምርቃት የሚሰጡት እናት የሉም።

ይህ ልማድ የፎቶ ቅንብርን ትርጉም ያዛባል ብዬ አምናለሁ። ጀማሪ ሁሉ የሚማረው ጥሩ ቅንብር ማለት ማጥራት እንደሆነ ነው፤ ዓይን የሚሻማ ነገር ይወገድ፣ ዳራው ይደብዝዝ፣ የተነሺዋ ዓይን ፍሬሙን በሦስት የሚከፍሉት መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ይዋል። የስልክ ካሜራም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዳራን በራሱ ስሌት ማደብዘዝ ስለለመደ ደንቡ በሁሉም ኪስ ገብቷል። ስሌቱ ብዙ ጊዜ የሹሩባውን ጠርዝ እንኳ ከዳራው ጋር አብሮ ይበላዋል።

ፍሬሙን በሦስት የመክፈል ደንብ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ በ1797 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር መልክዓ ምድር ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ ነው ስም የሰጠው። ያሳሰበው ጉዳይ ሰማይና ምድር፣ ብርሃንና ጥላ ምን ያህል ድርሻ ይያዙ የሚል ነበር። ደንቡ ሲወለድ በነገሮች መካከል ስላለ ዝምድና ነበር፤ ዛሬ ግን አንድን ፊት የት እንደምናስቀምጥ ብቻ እንጠይቅበታለን።

ምን ከምን ጎን እንደሚቀመጥ መወሰን ያለውን ኃይል ቆቦ ካለችበት ከወሎ ሰው የበለጠ ሊያውቅ የሚገባው የለም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ ለብሪታንያ ተመልካች አሳየ። ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አፈራርቆ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። የረሀብተኛው ምስል ያው ነበር፤ ከጎኑ የተቀመጠው ግን የተመልካቹን ጥያቄ «ምን ሆኑ?» ከሚለው ወደ «ማን ዝም አለ?» ለወጠው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከአላማጣ በላይ በምትገኘው ኮረም የቀረጸው የረሀብ ፊልም በጋዜጠኛው ማይክል በርክ ዘገባ በቢቢሲ ታየ። ያ ፊልም እህል አስመጥቷል፣ ሕይወት አድኗል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። በዓለም አእምሮ የቀረው ግን ከስፍራው ተነጥሎ የቀረበው ሕፃንና የአጥንቱ ቅርጽ ነው። በአካባቢው ይካሄድ የነበረው ጦርነት ከፍሬም ውጭ ቀረ። የደርግ መንግሥት መስከረም 2 ቀን በአዲስ አበባ በብዙ ወጪ ያከበረው አሥረኛ የአብዮት በዓልም ከፍሬም ውጭ ቀረ። ምክንያቱ የተቆረጠበት ረሀብ የሰማይ ቁጣ ብቻ መሰለ፤ የራያ ሰውም ታሪክና ሥራ የሌለው ተረጂ ሆኖ ታየ።

የሶለል ፎቶ የደስታ ነው፣ የኮረሙ የሞት፤ ሁለቱን እኩል አላደርግም። የቅንብር ልማዳቸው ግን አንድ ነው፤ ሰውን ከአገሩ ይነጥላል።

ዳራን ማደብዘዝ ለፊቱ ክብር መስጠት ነው የሚሉ አሉ። ለአንድ ሰው ምስል አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። የድሮው ፎቶ ቤትም ከኋላ ሥዕል ያለበት መጋረጃ ይሰቅል ነበር። ነገር ግን በዚያ ፎቶ ቤት ለመነሣት የመጣው ደንበኛ ራሱ ነበር፤ ከማን ጋር እንደሚቀመጥና ምን እንደሚለብስ ያውቃል። በሶለል ደጅ ላይ ያለችው ልጅ ግን የመጣችው ከጓደኞቿ ጋር ልትጨፍር ነው። ሶለል የቡድን ጨዋታ ነው፤ አንዷን ነጥሎ ማውጣት ጨዋታውን ማጥፋት ነው። ከዚያም አልፎ ባጃጁንና የመብራት ምሰሶውን ከፎቶ የሚያጠፉ አሉ። ቆቦ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትኖር፣ የምትነግድና የምታርስ ከተማ ናት። ባጃጁን ያጠፋ ሰው የዛሬዋን ቆቦ አጥፍቷል።

ፎቶ አንሺዎች ሆይ፣ በመጪው ነሐሴ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 አጥብቡት። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ከምዕራብ ስትመታ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ጎልቶ ይታያልና እሱንም፣ በቁመት ላይ ያለውን ማሽላም አስገቡ። የከበሮ መቺዋ እጅ፣ የተቀባዮቹ አፍ፣ በር ላይ የቆመችው እናት ሁሉም ቦታ ይኑራቸው። ይህ ከማደብዘዝ ይከብዳል፤ ብዙ ነገር ሳይጋጭ ማስቀመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቅንብር ችሎታ የሚፈተነውም እዚህ ነው። የትም ሊነሣ የሚችል ፎቶ የቆቦ ፎቶ አይደለም።