ሳይለኩ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ማለት ይቁም!



የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር በሰፈራችን አንድ ወሬ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ፈርነሱ አልነሣ ካለ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ይባላል። ተነሥቶ ከጠፋም ቦርዱ ተቃጥሏል። ማራገቢያው አላቆም ካለም ቦርዱ ተቃጥሏል። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ማን ለካው? በምን ለካው?

እዚህ ሚኒሶታ ማሞቂያ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ሚኒያፖሊስ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ሌሊት ሕፃን የያዘች እናት የተባለችውን ትከፍላለች እንጂ አትከራከርም። ይህንን እያወቀ ሳይመረምር ሒሳብ የሚጽፍ ሰው በሰው ብርድ የሚነግድ ነው። ይህን ስንል አንሳቀቅም።

ባለፈው የብርድ ወራት በአንዲት አባላችን ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። እሳቱ ይቀጣጠላል፤ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ይጠፋል። የመጣው ሠራተኛ ሽፋኑን ከፈተ፣ ትንሿ መብራት ብልጭ ድርግም ስትል አየ፣ «ቦርዱ ሞቷል» አለ። ቴስተሩ ከቦርሳው አልወጣም። ቦርዱ ተቀየረ፣ 700 ዶላር ተከፈለ፤ በማግስቱ እሳቱ እንደገና ጠፋ። ሁለተኛው ሠራተኛ መጥቶ ፍሌም ሴንሰር የሚባለውን ቀጭን ዘንግ ፈታው፤ ነጭ ነገር ለብሷል። በቀጭን የሽቦ መፈግፈጊያ ጠርጎ መለሰው፤ እስከ ዛሬ ይሠራል። ታዲያ ያ የተጣለው ቦርድ ጥፋቱ ምን ነበር? ምንም!

ለመሆኑ ያቺ ብልጭ የምትል መብራት ምንድን ነች? የቦርዱ አንደበት ነች። ስንት ጊዜ ብልጭ እንዳለች ተቆጥሮ፣ ብዙውን ጊዜ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከተለጠፈው ሰንጠረዥ ጋር ይመሳከራል። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያልና የጎረቤት ሰንጠረዥ አይሠራም። ደግሞም ኃይል ሲቋረጥ የሚረሳ ቦርድ ስላለ፣ ማብሪያው ከመጥፋቱ በፊት በትንሿ መስኮት በኩል ይቆጠር። እንግዲህ «የጭስ መውጫው ተዘግቶብኛል» እያለ የሚናገረውን ቦርድ ሞቷል ብሎ መገነዝ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና አሠራሩን እንወቅ። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ ቦርዱ በመጀመሪያ ጭስ አውጪውን ትንሽ ማራገቢያ ያስነሣል። ጭሱ መውጫ እንዳለው ፕሬሸር ስዊች የሚባለው ያረጋግጥለታል። ከዚያ ማቀጣጠያው ይግላል፤ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፤ እሳት ይያያዛል። ፍሌም ሴንሰሩ እሳት መኖሩን የሚናገረው በአምፔር ሚሊዮንኛ በሚቆጠር በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ካልደረሰው ቦርዱ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ጋዙን ይዘጋል። ደጋግሞ ሞክሮ ካልሆነለትም ይቆለፋል። በመጨረሻ ትልቁ ማራገቢያ ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ ይነፋል። ስለዚህ ቦርዱ አዛዥ ብቻ ሳይሆን ዘበኛም ነው። ዘበኛው በሩን የዘጋው ሌባ አይቶ ይሆናል፤ ሌባውን ሳይፈልጉ ዘበኛውን ማባረር ግን ሞኝነት ነው።

ሌባው ደግሞ ብዙ ነው። በአቧራ የታፈነ ፊልተር አለ። በበረዶ የተደፈነ የጭስ ቧንቧ አለ። ውኃ የማያሳልፍ የማፍሰሻ ቱቦ አለ። የተሰነጠቀ ማቀጣጠያ፣ የላላ ሽቦ አለ። የሽፋኑ በር በደንብ ስላልተገጠመ ብቻ ኃይል የሚቋረጥበት ፈርነስም አለ። ቦርዱ ላይ የምትሰካዋ ፊውዝ፣ ባገራችን ቫልቮላ የምንላት፣ 3 ወይም 5 አምፔር ናት፤ ዋጋዋ ከቦርዱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እርሷ ከተቃጠለች ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሽቦ የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል ማለት ነውና ምክንያቱ ይፈለግ። በትልቅ አምፔር መተካት ክልክል ነው።

ቦርድ አይበላሽም ወይ? ይበላሻል፤ አልካድንም። የሚታወቀው ግን በመለካት ነው። 120 ቮልት ወደ ቦርዱ ገብቷል? ከትራንስፎርመሩ 24 ቮልት ይወጣል? ፊውዙ ደኅና ነው? የቴርሞስታቱ ጥሪ ቦርዱ ላይ ደርሷል? ይህ ሁሉ «አዎን» ሆኖ፣ ቦርዱ ምንም የብልሽት ቁጥር ሳያሳይ፣ ወደ ጭስ አውጪው ኃይል ካልላከ ጥፋቱ የቦርዱ ነው። ኃይል እየደረሰው የማይዞር ከሆነ ግን ጥፋቱ የሞተሩ ነው። ሌላውም እንደዚሁ ነው። ትእዛዝ ገብቶ ትእዛዝ ካልወጣ ቦርዱ፤ ትእዛዝ ወጥቶ ሥራ ካልተሠራ ሌላው ዕቃ ይጠየቅ። በዓይን የሚታይ የጠቆረ ብየዳ ወይም ውኃ የነካው ዝገትም ምስክር ነው። ያን ጊዜ ግን ውኃው ከየት እንደሚንጠባጠብ ካልተገኘ አዲሱም ቦርድ መንገዱ ያው ነው።

ይህን የምንጽፈው ሁሉም ሰው ፈርነስ ይፍታ ብለን አይደለም። ከወዲያ በኩል ደግሞ ሌላ ጉድ አለብን። «ሁሉም አጭበርባሪ ነው፣ እኔ እሠራልሃለሁ» እያሉ በሰው ምድር ቤት ገብተው ፕሬሸር ስዊቹን በሽቦ የሚያገናኙ ወንድሞች አሉ። ፈርነሱ ይነሣላቸዋል፤ ተጨብጭቦላቸው ይሄዳሉ። ጭሱ ግን መውጫ ካጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ውስጥ ይቀራል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ተኝቶ ያለን ቤተሰብ አያስነሣም። ይህ ውለታ ሳይሆን በሰው ነፍስ መቀለድ ነው።

እኛ ነዋሪዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። ፊልተር ዓመት ሙሉ ሳይቀየር፣ የጭስ ቧንቧው አፍ ላይ በረዶ ተከምሮ እያየን፣ ፈርነሱ ሲቆም ዓለም ሁሉ በደለን ማለት አያምርም።

ስለሆነም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል፦

1ኛ፤ ሠራተኛ ከመጠራቱ በፊት ፊልተሩ፣ የሽፋኑ በር፣ ማብሪያው፣ የጭስ ቧንቧው አፍና የመብራቷ ቁጥር ይታዩ፤ ቁጥሩም በወረቀት ይጻፍ።

2ኛ፤ የሚሠራው ፈቃድ ያለው ሰው ይሁን። «ቦርዱ ነው» ሲል «ምን ገባ? ምን ወጣ? ልኬቱን አሳየኝ» በሉት። ጨዋ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይቆጣም። ልኬቱ ሒሳቡ ላይ ይጻፍ፤ የተቀየረውም ቦርድ ለባለቤቱ ይሰጥ።

3ኛ፤ እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው አባቶችና እናቶች ብቻቸውን አይፈርሙ። ጎረቤት ይጥሩ።

4ኛ፤ ገቢው አነስተኛ የሆነ የቤት ባለቤት በስቴቱ የኢነርጂ እርዳታ ፕሮግራም በኩል ለፈርነስ ጥገና ማመልከት ይችላል። ተከራይ የሆነ ደግሞ ቦርድ ገዢ አይደለም፤ ለአከራዩ በጽሑፍ ያስታውቅ።

5ኛ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በየመኝታ ቤቱ አጠገብ፣ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ ይኑር። እርሱ ከጮኸ ወይም ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ ሳትነኩ ቤተሰቡን ይዛችሁ ውጡና ውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ። ፈርነስ ቆመ ብሎ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል፣ በምድጃም ቤት ማሞቅ ፈጽሞ አይደረግ።

ገንዘባችን በሌሊት ሥራ፣ በሁለት ፈረቃ የመጣ ነው። ለሥራ እንከፍላለን፤ ለግምት ግን አንከፍልም።

መጀመሪያ ይለካ! ከዚያ ይታይ! ከዚያ ይከፈል!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት