ፎቶው የተነሳበት ቦታ ላይ ይቁም!

«እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሙዚየም ይቀመጥ እንጂ መንገድ ዳር ምን ይሠራል? ልጆች አያልፉም እንዴ?» ላላችሁኝ ወዳጆቼ፣ ነገሩ በኮመንት የሚያልቅ ስላልሆነ መልሴን እዚህ ልጻፈው።

የምናወራው ሂሮሺማ፣ ሚዩኪ ድልድይ ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ስለቆመው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ የተነሳውም እዚያው ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. (በፈረንጅ ኦገስት 6 ቀን 1945) ከጠዋቱ 2:15 ላይ ቦምቡ ፈነዳ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ዮሺቶ ማትሱሺጌ የሚባል የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ድልድዩ ጋ ደረሰ። የተቃጠሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቁስላቸውን ዘይት ይቀባሉ። ሰውዬው ካሜራውን እንደያዘ ሃያ ደቂቃ ያህል መጫን አቃተው። በኋላ እንደተናገረው ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ያን ቀን ካነሳቸው የተረፉት 5 ፎቶዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ የዚህ ድልድይ ናቸው።

እስቲ እውነቱን እናውራ። ይሄን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ስታዩ «ኧረ በስማም!» ትላላችሁ፣ ጣታችሁ ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ ያልፋል። ሙዚየም የሚገባ ሰው ደግሞ ለማዘን ተዘጋጅቶ፣ ቲኬት ቆርጦ ነው የሚገባው። ሲወጣ ጨርሶ ይወጣል። ድልድዩ ላይ ግን ማምለጫ የለም። ትራሙ ያልፋል፣ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ወንዙ ይወርዳል። ፎቶውን አይታችሁ ቀና ስትሉ እነዚያ ልጆች የተቀመጡበት ቦታ እናንተ የቆማችሁበት ነው። «ድሮ፣ የሆነ አገር» ማለት አይቻልም።

«ቁስል መቀስቀስ ነው» ለምትሉ፦ ጃፓኖቹ ራሳቸው ተከራክረውበታል። ጉልላቱ የቀረውን ያን የታወቀ ሕንፃ «ስናየው ያመናል፣ ይፍረስ» ያሉ ከቦምቡ የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ሕመማቸውን አልንቅም። የከተማው ምክር ቤት ግን በ1966 (በፈረንጅ) እንዲጠበቅ ወሰነ። ደግሞ ሕንፃ ብቻውን ሰው አያሳይም። ሰውን የሚያሳየው ፎቶ ነው።

መደበቅስ ማንን ጠቀመ? አሜሪካኖች ጃፓንን ይዘው በቆዩባቸው ዓመታት የቦምቡን ጉዳት የሚያሳይ ነገር በሳንሱር ይታፈን ነበር። የማትሱሺጌ ፎቶዎች ላይፍ መጽሔት ላይ የወጡት ገና በ1952 ነው። ፎቶ ከሰው ዓይን ሲርቅ የሚመቸው ለሟች ሳይሆን ለገዳይ ነው።

እኔ አስተማሪ ነኝ። «እስከ ዓመቱ መጨረሻ 140,000 ያህል ሰው ሞተ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ይገለብጡታል፤ ለፈተና ያጠኑታል፤ በቃ። ቁጥር አያስለቅስም።

ፎቶው ውስጥ ካሉት አንዱ ሱናኦ ትሱቦይ ናቸው። ያኔ የ20 ዓመት ተማሪ ነበሩ። ነገሩ ያበቃለት ሲመስላቸው በጠጠር መሬቱ ላይ ትሱቦይ እዚህ እንደሞተ ጻፉ። ግን ተረፉ። የሂሳብ መምህር ሆነው ያዩትን ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ ኖሩ። በ2021፣ በ96 ዓመታቸው አረፉ። እንደ እሳቸው ያሉ ምስክሮች እያለቁ ነው። እሳቸው መሬቱ ላይ የጻፉት ጠፍቷል። ያ «እዚህ» የሚለው ቃል የቀረው በፎቶው ነው፤ ፎቶውን ከቦታው ካነሳችሁት እሱም ይጠፋል።

«ልጆች አያልፉም እንዴ?» ላላችሁኝ፦ ያልፋሉ። ፎቶው ላይ ያሉትም ልጆች ናቸው።

የማትስማሙ ካላችሁ በጨዋ ደንብ እንከራከር።