ሰማያዊው ጭስ ከየት ይመጣል?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሳልና ትኩሳት ሳይሆን ስለ ሞተር ሳይክል ነው። «የጤና ባለሙያ በዚህ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን በባሌ ገጠር ክትባት ይዤ የዞርኩት በሞተር ሳይክል ነው። መካኒክ በቅርብ ስለማይገኝ የሞተሩንም ሕመም ማዳመጥ የሥራው አካል ነበር። ዛሬ ደግሞ በሮቤና በጎባ ስንቱ ቤት በአንድ አሮጌ ሞተር ገቢ እንደሚተዳደር እናንተም ታውቃላችሁ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። የልጁ ሞተር ሰማያዊ ጭስ መትፋት ይጀምራል። ጋራዥ ሲደርስ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ» ይባላል። አባት ለዘር ካስቀመጠው ስንዴ ሸጦ ይከፍላል። ፒስተኑም ፋሻውም ይቀየራል፤ በሳምንቱ ግን ጭሱ ተመልሶ ይመጣል። ሳል ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ጭስም ሁሉ የፋሻ አይደለም። ከመክፈል በፊት ምርመራ ይቅደም።

መጀመሪያ ቀለሙን እንለይ። በብርዳማ ጠዋት ወጥቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ነገር እንፋሎት ነው፤ አያሳስብም። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል፤ በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ይህ የተለመደ ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን የሚቃጠል ዘይት ነው። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥሉ መጠነኛ ሰማያዊ ጭስ ተፈጥሯቸው ነው፤ የዛሬው ወሬያችን እነሱን አይመለከትም። ባለ አራት ምት በሆኑት፣ ለምሳሌ በቦክሰርና በሆንዳ ኤክስ ኤል፣ ሰማያዊ ጭስ የሕመም ምልክት ነው።

በባለ አራት ምት ሞተር ቴስታታ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቫልቭ አለ፤ አንዱ አየርና ቤንዚን ያስገባል፣ ሌላው ጭስ ያስወጣል። የእያንዳንዱ ዘንግ ጋይድ በሚባል ጠባብ የብረት ቱቦ ውስጥ ይመላለሳል። በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ቱቦው ሲበላ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ከላይ ያለውም ዘይት በዚያው ይወርዳል። የጭስ ማስወጫው ጋይድ የጋለ ጋዝ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ኑሮው ከባድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ልክ ለታማሚ እንደምናቀርበው ነው፦ መቼ ይብሳል? ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው ይጠረጠራል። ከሳነቴ ወደ ሐረና ደን ረጅሙን ቁልቁለት ቤንዚን ዘግቶ ወርዶ፣ እንደገና ቤንዚን ሲሰጥ ጭስ ቡፍ የሚል ከሆነ፣ ቁልቁለቱ ዘይት የሳበው በማስገቢያው ጋይድ በኩል ነው። አድሮ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ለጥቂት ደቂቃ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን በጋይዱ የተንጠባጠበ ዘይት አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ማየት ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ ካንዴላው ይውጣ፤ የማርሚታው ቱቦም ከቴስታታው ይላቀቅ። ካንዴላው በዘይት ከራሰ ዘይቱ የገባው በፋሻ ወይም በማስገቢያው ጋይድ ነው። ካንዴላው ደረቅና ንጹሕ ሆኖ የጭስ መውጫው ቀዳዳ በዘይት ከረጠበ ግን ጥፋተኛው ያለ ጥርጥር ወደ ማስወጫው ጋይድና ጎማው ያዘነብላል፤ ዘይቱ በማቃጠያው ክፍል አላለፈምና።

አራተኛው የኮምፕሬሽን ልኬት ነው። እዚህ ላይ ደገኞች እንጠንቀቅ! መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለባሕር ጠለል አካባቢ አየር የተሰላ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የዚያ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዝቅተኛ ቦታ 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እኛ ዘንድ ወደ 9 ባር ቢያሳይ አልታመመም። ይህን የረሳ መካኒክ ደህናውን ፋሻ ያስወጣል። ልኬቱ ከዚህም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ በደንብ ከጨመረ ችግሩ ፋሻ ነው፤ ካልጨመረ ቫልቮቹ አይዘጉም ማለት ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ ቴስታታው ወርዶ ነው። ቫልቩን ትንሽ ወደ ውጭ ስቦ በጣት ወደ ጎን ማወዛወዝ። በዓይን የሚታይ ውዝዋዜ ካለ ጋይዱ ወይም ዘንጉ አልቋል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ልኬት ነው። ይህ ሲደረግ ወላጅ አጠገቡ ቆሞ ቢያይ መልካም ነው።

ሕክምናውስ? አዲስ ጎማ ብቻ ማድረግ ለጥቂት ጊዜ ጭሱን ይቀንሳል፤ የሚወዛወዘው ዘንግ ግን ያንኑ ጎማ መልሶ ይበላዋል። ትክክለኛው ሥራ በቶርኖ ቤት አሮጌውን ጋይድ አውጥቶ አዲስ ማስገባት፣ በልኩ ማስፋት፣ ከዚያም የቫልቩን መቀመጫ እንደገና መቁረጥ ነው። አዲሱ ጋይድ የቫልቩን መሐል ትንሽ ስለሚያዛውር መቀመጫው ካልተስተካከለ ቫልቩ ያፈስና ይቃጠላል። ስለዚህ ስትከፍሉ «መቀመጫውስ ተቆርጧል?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ጭስ ብቻ ነው፣ እስኪበቃው ይሥራ» ማለት አይበጅም። የማስወጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በመቀመጫውና በጋይዱ በኩል ነው። የሚወዛወዝ ቫልቭ ከልክ በላይ ይግላል፤ ጥላሸት ይዞት ክፍት እንዳለ ቢቀር ወይም ቢሰበር ፒስተኑ ይመታዋል፤ ሞተሩም ያኔውኑ ያበቃል። ይህ ሮቤ ገበያ ላይ ቢሆን ኪሳራ ብቻ ነው። ሳነቴ ላይ ግን መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱም ውርጭ ነው። ልጃችሁ፣ ምናልባትም ከኋላው የጫናት ነፍሰ ጡር፣ እዚያ ሲመሽባቸው አስቡት።

አንድ የጤና ነገር ላንሳና ላብቃ። ብዙዎቻችን ሌባ ፈርተን ሞተሩን ማታ ቤት እናስገባለን፤ ጠዋትም ብርዱን ሸሽተን እዚያው እናሞቀዋለን። ሰማያዊው ጭስ ይታያል፣ ይሸታል። ከእሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ እንደ ከሰል ጭስ በዝምታ ይገድላል። ሞተር የሚነሳው ደጅ ነው። ቤት ውስጥ ተነስቶ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ጤና ተቋም አድርሱት።

ለልጃችሁም አንድ ደብተር ግዙለት። በየሳምንቱ ሞተሩን ሜዳ ላይ አቁሞ የዘይቱን መጠን ይይ፤ ምን ያህል እንደጨመረና ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ ይጻፍ። የበሽተኛ ካርድ ለሐኪም እንደሚናገር፣ ያ ደብተር ለመካኒኩ ይናገራል። ለዘር የተቀመጠው ስንዴም ለዘሩ ይቆያል።

ሳምንት ያገናኘን።