የአስመራው ሰው በካርቱም

«ዝውውር» የሚለው ቃል በሠራዊት ቤት ሲነሣ ባል የሚያስበው ስለሚመደብበት ክፍል፣ ሚስት የምታስበው ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ዕቃ ማሸግ ነው። በእግር ኳስ ዓለም ደግሞ ይኸው ቃል ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ የሚሻገርበትን ውል ያመለክታል። የአውሮጳ ክለቦች፣ በተለይም የእንግሊዞቹ፣ አጥቂ በገዙና በሸጡ ቁጥር ወሬው ከሻይ ክበባችን አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ ሳምንት ዓምዳችን የምናነሣው ዝውውሩ የዘገየበትን፣ ስሙም ከእኛው ታሪክ ጋር የተቆራኘውን አንድ አጥቂ ነው። ዘመናቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሎራን ፖኩ በ1947 በአይቮሪ ኮስት፣ በአቢጃን ከተማ ተወለደ። የአሴክ አቢጃን ማሊያ ለብሶ ስም ካወጣ በኋላ በ1968 ከአገሩ ቡድን ጋር ወደ እኛ መጣ፤ የዚያን ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ የተካሄደው በአዲስ አበባና በአስመራ ነበርና። አስመራ ላይ በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ግጥሚያ አይቮሪ ኮስት በጋና 4 ለ 3 ተሸነፈች። ያን ጊዜ 20 ዓመቱ የነበረው ፖኩ ግን በዚያ ውድድር ባሳየው ጀግንነት «የአስመራው ሰው» የሚል ቅጽል ስም ይዞ አገሩ ገባ። የጦር አዛዥ ድል ባደረገበት ሥፍራ ስም ሲጠራ እናውቃለን፤ ቡድኑ በተሸነፈበት ከተማ ስም የሚከበር ሰው ግን ብርቅ ነው። ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ግጥሚያም የእኛን ቡድን 1 ለ 0 ያሸነፈችው ጎል የእርሱ ነበረች። በስድስት ጎል የውድድሩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 1970፣ ካርቱም ላይ እንደገና ተገናኘን።

ካርቱም ለኢትዮጵያ እግር ኳስ የተለየች ከተማ ናት። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 የተደረገው በዚያው ነበር። ያን ጊዜ በፍጻሜው ግብጽ 4 ለ 0 ስታሸንፈን አራቱንም ጎል ያገባብን አድ-ዲባ የተባለው አጥቂ ነው። (ይኸው ሰው ከ11 ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ የተደረገውን የ1968 የፍጻሜ ግጥሚያ በዳኝነት መርቶታል፤ ኳስ እንዲህ ያለውን መገጣጠም ትወዳለች።) በ1970 ደግሞ ተራው የፖኩ ሆነ። አይቮሪ ኮስት 6፣ ኢትዮጵያ 1። ከስድስቱ ጎሎች አምስቱን ያገባ አንድ ሰው ነው። በዘጠና ደቂቃ አምስት ጎል ማለት በአማካይ በየ18 ደቂቃው አንድ ጊዜ በረኛችን ጎንበስ ብሎ ኳስ ከመረብ አወጣ ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በ1962፣ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣ ቡድን በካርቱም ሦስቱንም የምድብ ግጥሚያ ተሸንፎ ተመለሰ።

ይህን የምንጽፈው ቁስል ለመነካካት አይደለም። ያሸነፈን ማን እንደ ሆነ አጥርቶ ማወቅ የወታደር ወግ በመሆኑ ነው።

ፖኩ በካርቱም በጠቅላላው ስምንት ጎል አገባ፤ ከ1968ቱ ጋር ሲደመር 14 ሆነለት። ዋንጫው ግን አሁንም አመለጠው። በግማሽ ፍጻሜው ጋና በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸነፈችው፤ በፍጻሜው ደግሞ ባለሜዳዋ ሱዳን ጋናን 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን አነሣች።

እንዲህ ያለውን አጥቂ ዛሬ ቢሆን የውድድሩ ፊሽካ ሳይነፋ ሐሙስ ባልጠበቁትም ነበር። ያን ጊዜ ግን መንገዱ ጠባብ ነበር። በእንግሊዝ ከ1931 ጀምሮ የውጭ አገር ተጫዋች ሁለት ዓመት በአገሩ ካልኖረ እንዳይሰለፍ የሚያግድ ደንብ ነበረ፤ የተነሣውም በ1978 ነው። ለፖኩ የተከፈተው በር የፈረንሳይ ሆነ፤ ያም በ1973 መጨረሻ፣ ዕድሜው 26 ከደረሰ በኋላ። የገባበት ክለብ ሬን በ1975 ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ፣ በ1977 ደግሞ ወረደ። ፖኩ ወደ ናንሲ ተዛውሮ ከወጣቱ ሚሼል ፕላቲኒ ጋር ተጫወተ፤ በ1978 ወደ ሬን ተመለሰ፤ በመጨረሻም አገሩ ገባ። በመካከሉ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ አውጥቶታል።

ከአቢጃን ሙቀት ወደ ሬን ዝናብ መግባት ምን እንደሚመስል እመቤቶቻችን ከእኛ የበለጠ ይረዱታል። በአዲስ ሠፈር ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ የትኛዋ ጎረቤት እንደምትታመን እስኪታወቅ ድረስ ስንት ወር ያልፋል! አጥቂም እንዲሁ ነው። ወዴት እንደሚሮጥ ሳያዩት የሚያውቁ ጓደኞቹን አሴክ ትቶ ሄደ፤ በየክለቡ ያንን መተዋወቅ ከሀ መጀመር ነበረበት። የእኛው መንግሥቱ ወርቁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ኖሮ ጎል ሲያገባ ይህ ጣጣ አላገኘውም። ከሁለቱ ማን ተጠቀመ ቢሉን፣ ለኪስ የፖኩን፣ ለጎል የመንግሥቱን መንገድ እንመርጣለን። የፖኩ ታላላቅ ጎሎች ከዝውውሩ በፊት የገቡ ናቸውና።

አሥራ አራቱ ጎሎች ለ38 ዓመታት ሳይደፈሩ ኖረው በ2008 በጋናው ውድድር የካሜሩኑ ሳሙኤል ኤቶ አለፋቸው። ኤቶ ከባርሴሎና ወደ ኢንተር ሚላን፣ ከዚያም ወደ ሩሲያ፣ በ2013 ወደ ቼልሲ፣ በ2014 ወደ ኤቨርተን ሲዛወር ለማንም ድንቅ አልነበረም። ፖኩ ክብረ ወሰኑ ሲያልፍ በሕይወት ነበረ፤ ያረፈው በኖቬምበር 2016 ነው። በአንድ የአፍሪካ ዋንጫ ግጥሚያ አምስት ጎል ማግባቱን ግን ኤቶም ሆነ ሌላ ሰው አልደገመውም። ያ ቁጥር ዛሬም ከእኛ ስም አጠገብ በካርቱም መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል።