ጠብታውን የሚያደርገው ማነው?

በታካሚ ካርድ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» የሚል ማስታወሻ ከሰፈረ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሐኪሙ አዝዟል፣ ታካሚው አልተጠቀመም፣ ጥፋቱም የታካሚው ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያና በደቡብ ጎንደር ደጋ ለሚኖር፣ አንድ ዓይኑ ለጠፋ ወይም ጣቶቹ ለማይታዘዙለት የግላኮማ ታካሚ ግን ይህ ፍርድ የችኮላ ነው እላለሁ። ጠብታውን ማን እንደሚያደርግለት ሳይጠየቅ የተጻፈ ማዘዣ ግማሽ ማዘዣ ነው።

ሰዉ «የዓይን ግፊት» የሚለው ግላኮማ ክፋቱ ዝምታው ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል። ብዙዎች ከሞራ ጋር ያምታቱታል። ሞራ ግን በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ብርሃንም ይመለሳል፤ ግላኮማ የወሰደው አይመለስም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያደረሰው ሞራ፣ 11.5 በመቶውን ትራኮማ፣ 5.2 በመቶውን ደግሞ ግላኮማ ነው። መድኃኒቱ ያለውን እይታ ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ስለዚህ ታካሚው የሚያውቀው ጠብታው እንደሚያቃጥል ነው፤ ጥቅሙን በዓይኑ አያየውም።

አሁን ወደ እጁ እንምጣ። ከጠብታዎቹ ርካሹና በቀላሉ የሚገኘው ቲሞሎል አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ይታዘዛል። ቀና ብሎ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአንድ እጅ ሳብ አድርጎ፣ በሌላው እጅ ብልቃጡን ዓይን ሳያስነኩ ጨመቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አንድ ጠብታ ይበቃል። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ አንድ ሁለት ደቂቃ ጫን ማድረግ ነው፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ሲያልፍ የልብ ምት ያዘገያልና። አስም ላለበትማ ጭራሽ አይታዘዝም። በዚህ ሁሉ ሁለት ጤነኛ እጅና የሚያይ ዓይን ያለው ሰውም ይሳሳታል።

የሥጋ ደዌ ጣቶቹን የቆለመመበት ወይም ቁርጥማት እጁን የያዘው ሰው ብልቃጡን አንዴ ሲጨምቅ ሦስት አራት ጠብታ ጉንጩ ላይ ይወርዳል። የወሩ መድኃኒት በአጋማሹ ያልቃል፤ ቢመለስ «ገና ነው» ይባላል። ማየት ለተሳነው ሁለት ዓይነት ጠብታ ቢታዘዝ ብልቃጦቹ በዳሰሳ አንድ ናቸው። አንዱ ላይ ክር ማሰር በቂ ነው፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል። መስማት የተሳነው ሰው ደግሞ ምክሩ የሚነገረው አብሮት ለመጣው ዘመድ ነው፤ እሱ ከብልቃጡ ጋር ብቻ ይሸኛል። በዱላ የሚሄድ የስማዳ ሰው ለቀጠሮ ደብረ ታቦር፣ ሲከፋም በወረታ አድርጎ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር መድረስ አለበት። የጤና መድን ደብተር ቢኖረውም «መድኃኒቱ አልቋል» ከተባለ ከውጭ በገንዘቡ ይገዛል።

የሚቆጨኝ የደቡብ ጎንደር ዞን ሌላ ዓይነት አሠራር የሚያውቅ መሆኑ ነው። ለትራኮማ የክልሉ ጤና ቢሮና ካርተር ማዕከል አዚትሮማይሲንን ለዓመታት እስከ ጎጥ አውርደውታል፤ መጠኑ የሚወሰነው ሰዉን በቁመት መለኪያ ዘንግ አጠገብ እያቆሙ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም በጤና ባለሙያ ዓይን ሥር ይዋጣል እንጂ ለታካሚው ትጋት ብቻ አልተተወም። የግላኮማ ጠብታ የዕድሜ ልክ ስለሆነ ባለሙያ በየቀኑ ይጎብኝ ማለት አይቻልም። ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በወር አንዴ ጎራ ብላ ብልቃጡ እንዳለ፣ ጠብታውን የሚያደርግ እጅ እንዳለ ብታይ ምን ይከብዳል?

ከጠብታ ሌላም መንገድ አለ። በታንዛኒያ ሞሺ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ በወጣ ጥናት፣ ከዓመት በኋላ በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው፣ ቲሞሎል ከተደረገላቸው ደግሞ 31 በመቶው ብቻ ውጤት አግኝተዋል። ብልቃጥ መጨበጥ ለማይችል ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ሌዘሩ ለሁሉም አይሆንም፤ ጊዜ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ መሣሪያውም በየከተማው የለም። የእኛ አገር ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ትራኮማ ጠባሳ የጣለበት ዓይን ውስጡ በደንብ አይታይም፣ ግፊቱም በትክክል አይለካም። እንዲህ ያለው ታካሚ ወደ ውስጥ የታጠፈው ሽፋሽፍቱ መጀመሪያ ተስተካክሎለት፣ ቀጥሎ ስለ ግላኮማ ቀዶ ሕክምና ሊነገረው ይገባል። ሁለቱን ሕክምናዎች ለየብቻ መስጠት የለመድን መሆናችን ራሱ አንድ ጉድለት ነው።

ስለዚህ አካል ጉዳተኛ ለሆነ ታካሚ ጠብታ ከመታዘዙ በፊት ጨመቅ አድርጎ እንዲያሳይ ይጠየቅ። ካልቻለ፣ ቤቱ ማን እንደሚያደርግለት ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ የሚያደርግለት ከሌለ ሌዘር ወይም ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ይላክ። ያ የሚያደርግለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ወይም እኅቱ ናት። ግላኮማ ደግሞ በቤተሰብ ይሄዳል። ለእናትሽ ወይም ለወንድምሽ ጠብታ የምታደርጊው አንቺም በሚቀጥለው ቀጠሮ ዓይንሽን አስመርምሪ።