ባንክ ይለወጥ ወይስ ቀን ይለወጥ?

ስለ ቤተሰብ ኑሮ ከሚጻፉልን ደብዳቤዎች መካከል ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ብለን የምናምንባቸውን እየመረጥን በዚህ ዐምድ አሳባችንን እንገልጻለን። ዛሬ የመረጥነው ከናይሮቢ የተላከልንን ነው። ጸሓፊዋ የሦስት ልጆች እናት ናቸው፤ ባለቤታቸው በዚያው ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በደመወዝ ያገለግላሉ።

ወይዘሮዋ የጻፉልን ባጭሩ የሚከተለው ነው። የባለቤታቸው ደመወዝ ወደ ባንክ የሚገባው በየወሩ በ28ኛው ቀን ነው። የቤት ኪራይና የልጆቹ የትምህርት ቤት መኪና ክፍያ ግን በቋሚ ትእዛዝ በ25ኛው ቀን ይወጣል። በነዚህ ሦስት ቀኖች ውስጥ ሒሳቡ ከባዶ በታች ይወርዳል፤ ባንኩም ወለድና የአገልግሎት ክፍያ ይቈርጣል። አባወራው ይህን ጉድለት ለማጥበብ በማሰብ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ያለውን የዕለት ወጪ፥ ለባለቤታቸው ሳይነግሩ፥ በእጅ ስልካቸው በሚገኘው ብድር ይሸፍኑ ጀመር። አንድ ቀን ወይዘሮዋ ለታመመው ትንሹ ልጃቸው መድኀኒት እንዲገዙበት 4,000 ሽልንግ በስልክ ላኩላቸው። ገንዘቡ ገና እንደ ደረሰ የቀድሞው ዕዳ ተቀንሶ 1,000 ሽልንግ እንኳ የማይሞላ ተረፈ። የተሰወረው ዕዳ የታወቀው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን አባወራው «ባንኩ በዘበዘን፤ ሒሳባችንን ወደ ሌላ ባንክ እናዛውር» ይላሉ። ወይዘሮዋ ደግሞ «ጥፋቱ የባንኩ ሳይሆን የራሳችን ነው፤ ሌላ ባንክ ብንገባም ያው ነው» ይላሉ። ማን እውነት እንዳለው እንድንነግራቸው ጠይቀውናል።

በባልና በሚስት መካከል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። ሒሳቡን ግን መመርመር ይቻላል፤ ሒሳብ ለማንም አያደላምና።

አስቀድመን አማርኛ በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን ጥቂት ቃላት እንግለጥ። «ተንቀሳቃሽ ሒሳብ» የሚባለው ባለቤቱ በቼክ ወይም በትእዛዝ በፈለገው ጊዜ የሚያወጣበትና የሚያስገባበት ሒሳብ ነው፤ ለማጠራቀም ከሚከፈተው ከ«ቁጠባ ሒሳብ» ይለያል። «ቋሚ ትእዛዝ» ማለት ባንኩ በተወሰነ ቀን የተወሰነ ገንዘብ ለተወሰነ ሰው እንዲከፍል ደንበኛው አንድ ጊዜ የሚሰጠው ቃል ነው። «ወለድ» ወለደ ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፥ ገንዘብ ገንዘብን እንደሚወልድ ያመለክታል፤ በትግርኛም ቃሉ ይኸው ነው። ወለዱ ከልክ ሲያልፍ ሕዝቡ «አራጣ» ይለዋል፤ በዚህ ቃል ውስጥ ወቀሳ አለበት። «ኦቨርድራፍት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል የባንክ ሰዎች እንዳለ ለምደውታል። ትርጓሜውም፥ ባለ ሒሳቡ ካስቀመጠው በላይ ሲያወጣ ባንኩ ጉድለቱን በብድር የሚሞላለት ውል ማለት ነው።

ይህ ውል አዲስ ነገር አይደለም። በ1728 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኤዲንብራ ከተማ የስኮትላንድ ሮያል ባንክ፥ ዊልያም ሆግ ለሚባል ነጋዴ ከሒሳቡ በላይ እስከ 1,000 ፓውንድ እንዲያወጣ ፈቀደለት። ነጋዴው የሚከፍለውና የሚከፈለው ገንዘብ በአንድ ቀን አይገናኙለትም ነበር። ስለዚህ ኦቨርድራፍት ከመጀመሪያው የታሰበው ገንዘቡ ለሚዘገይበት ሰው ነው። ገንዘቡ ጨርሶ ለማይበቃው ሰው ግን የተዘጋጀ መድኀኒት አይደለም። ይህን ልዩነት አንባቢያችን በልባቸው ይያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ናይሮቢ እንምጣ። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፥ ዋናው መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው በንጉሠ ነገሥቱ ስም በተሰየመው በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ነው። በዚያች አገር የባንክ ወለድና ክፍያ የሕዝብ መነጋገሪያ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በፈረሙት ሕግ፥ ባንኮች በብድር ላይ የሚጠይቁት ወለድ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ወለድ ከመቶ 4 በላይ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አሳቡ ለድኻው ነበር፤ ውጤቱ ግን እንደ አሳቡ አልሆነም። ባንኮች ለትንሹ ነጋዴና ለደመወዝተኛው ማበደሩ አያዋጣንም ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ሕጉም በ2019 ዓ.ም. ኅዳር ወር ተሻረ።

በዚያው በ2019 ዓ.ም. ጥር ወር፥ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በስልክ ገንዘብ በሚያስተላልፈው በኤም-ፔሳ ላይ፥ ሳፋሪኮም ከሁለት ባንኮች ጋራ ሆኖ «ፉሊዛ» የተባለውን የስልክ ኦቨርድራፍት አወጣ። ሰው ዕቃ ሲገዛ ገንዘቡ ቢያንሰው ጉድለቱ ወዲያው ይሞላለታል፤ በኋላ ወደ ስልኩ ገንዘብ ሲገባ ዕዳው ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይቈረጣል። የመድኀኒቱን ገንዘብ የበላው ይህ አሠራር ነው። አሠራሩ በውሉ የተጻፈ ስለ ሆነ ስርቆት ሊባል አይችልም፤ ሆኖም ላኪው ስለማያውቀው ዕዳ በላከው ገንዘብ ይከፍላል። በአገራችንም በ2022 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋራ «ቴሌብር እንደኪሴ» በሚል ስም ይህን የሚመስል አገልግሎት ስለ ጀመረ፥ ነገሩ የናይሮቢ ሰዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራ። የፉሊዛ ክፍያ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከተወሰደው ገንዘብ ከመቶ 1 ሲሆን፥ ሁለተኛው ዕዳው እስኪከፈል ድረስ በየቀኑ የሚታሰብ የተቈረጠ ክፍያ ነው። ይህ የቀን ክፍያ በ2022 ዓ.ም. ሲሻሻል ከፍተኛው ከ30 ሽልንግ ወደ 25 ሽልንግ ዝቅ ብሏል፤ እስከ 1,000 ሽልንግ የሚወስዱትም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀኖች ከቀን ክፍያ ነጻ ሆነዋል። በዚህ ታሪፍ 3,000 ሽልንግ ለ10 ቀን የተበደረ ሰው፥ ቀረጡን ሳንቈጥር፥ 30 ሽልንግ የመነሻና 250 ሽልንግ የቀን፥ በድምሩ 280 ሽልንግ ይከፍላል። ይህን በየወሩ ቢደጋግመው በዓመት 3,360 ሽልንግ ይሆናል። ይህም ማለት፥ ያችው 3,000 ሽልንግ ስትመላለስ ከራስዋ የሚበልጥ ዋጋ አስከፈለች ማለት ነው። ሌላው ሰው 30,000 ሽልንግ ለ10 ቀን ቢወስድ 300 እና 250፥ በድምሩ 550 ሽልንግ ይከፍላል። ብድሩ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ክፍያው ግን ሁለት እጥፍ እንኳ አልሞላም። የተቈረጠ የቀን ክፍያ በትንሹ ተበዳሪ ላይ እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል። ሃያ አምስት ሽልንግ ለብቻዋ ስትታይ የምታስደነግጥ አይደለችም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ናት።

ከባንክ ኦቨርድራፍት ጋራ ስናስተያየው ደግሞ፥ ወለዱ በዓመት ከመቶ 18 ነው ብለን ለምሳሌ ብንይዝ፥ 3,000 ሽልንግ ለ10 ቀን የሚወልደው 15 ሽልንግ ያህል ብቻ ነው። ታዲያ ባንኩ ርካሽ ነው ማለት ነውን? ወለዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዎን ባልን ነበር። ነገር ግን ውሉን ለማደስ የሚጠየቅ ክፍያ፥ ያለ ውል ከሒሳብ በላይ ለወጣ ገንዘብ የሚጣል ቅጣት፥ ገንዘብ በማጣት ለተመለሰ ቼክ ወይም ቋሚ ትእዛዝ የሚቈረጥ ክፍያ፥ በነዚህም ላይ የመንግሥት ቀረጥ አለ። ስለዚህ ባንክን ከባንክ የሚያስተያይ ሰው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ ዝም ማለት የለበትም፤ «በዓመቱ መጨረሻ ከኪሴ በጠቅላላው ስንት ይወጣል?» ብሎ ይጠይቅ። በኬንያ በ2017 ዓ.ም. ማዕከላዊ ባንኩና የባንኮች ማኅበር የብድርን ጠቅላላ ዋጋ ሕዝቡ እንዲያስተያይ የሚረዳ አገልግሎት የከፈቱት ስለዚሁ ነው። የአገሪቱ የባንክ ሕግም ባንክ ክፍያውን ከፍ ለማድረግ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚኒስትሩን ፈቃድ እንዲያገኝ ያዛል። ደንበኛ የተጻፈ የክፍያ ዝርዝር ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቈጠርበት አይገባም።

አሁን አስቀድመን ወዳስቀመጥነው ልዩነት እንመለስ። የቤተሰብ ጉድለት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የቀን ጉድለት ነው፤ ገንዘቡ አለ፥ ነገር ግን ወጪው ከገቢው ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው የገቢ ጉድለት ነው፤ ደመወዙ በሙሉ ቢገባም ወሩን አይሸፍንም። ወይዘሮዋ የጻፉልን ሁለቱንም ይዟል። ከ25 እስከ 28 ያለው የቀን ጉድለት ነው። ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ያለው ግን የገቢ ጉድለት ነው፤ የዕለት ወጪ በ18ኛው ቀን ካለቀ፥ ቀኑን ማዛወር አይበቃውም።

ለመጀመሪያው መድኀኒቱ ቀላል ነው። ቋሚው ትእዛዝ ከ25ኛው ቀን ወደ ቀጣዩ ወር መጀመሪያ ቀን እንዲዛወር ለባንኩ፥ ለቤቱ አከራይና ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ይጠየቅ። ደመወዝተኛ የሆነ ተከራይ ይህን ቢጠይቅ የተለመደ ነገር ነው። ባንኩ ቀኑን ለመለወጥ እንቢ ቢል፥ ወይም የክፍያውን ዝርዝር በጽሑፍ ለመስጠት ቢያቅማማ፥ በዚያን ጊዜ አባወራው «እንዛወር» ማለታቸው ትክክል ይሆናል።

ለሁለተኛው ግን ወይዘሮዋ እውነት አላቸው። ገቢው ካልበቃ፥ አዲሱ ባንክም እንደ አሮጌው ወለዱን ይቈጥራል። በዚህ ላይ መድኀኒቱ ባልና ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሦስት ወር የባንክና የስልክ መግለጫ ዘርግተው፥ ወጪውን በየዐይነቱ መጻፍ ነው። ለወለድና ለክፍያ የወጣውንም በአንድ መስመር ለብቻው ይደምሩት። ብዙ ቤተሰብ የሥጋውንና የዘይቱን ዋጋ ያውቃል፤ የዕዳውን ዋጋ ግን በዐይኑ አይቶት አያውቅም።

መዛወር ከተቈረጠ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን ሥርዐቱን መጠበቅ ያስፈልጋል። በብሪታንያ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮቹ ራሳቸው የደንበኛውን ሒሳብ በሰባት የሥራ ቀን ያዛውራሉ፤ በናይሮቢ ግን ድካሙ የደንበኛው ነው። መጀመሪያ አዲሱ ሒሳብ ይከፈት፤ አሮጌው ገና አይዘጋ። ቀጥሎ በአሮጌው ባንክ ያለው ዕዳ ይከፈል፤ ደመወዝ ለብድር መያዣ ሆኖ ከሆነ ያለ ባንኩ የመልቀቂያ ደብዳቤ ማዛወር አይቻልምና። ከዚያ ቋሚ ትእዛዞቹ አንድ በአንድ ይዛወሩ፤ በመጨረሻም ለመሥሪያ ቤቱ ተነግሮ ደመወዙ ይዛወር። አሮጌው ሒሳብ ለሁለት ወር ያህል ጥቂት ገንዘብ ይዞ ይቈይና በጽሑፍ ይዘጋ፤ ተረስቶ የቀረ ሒሳብ በየወሩ ክፍያ ሊያከማች ይችላል።

ርካሽነት ብቻውንም አይበቃም። በናይሮቢ በ2015 ዓ.ም. ኢምፔሪያል ባንክ፥ በ2016 ዓ.ም. ቼዝ ባንክ በባለ አደራ እጅ ሲገቡ፥ ብዙ ደንበኞች ገንዘባቸውን እንደ ልባቸው ማውጣት ተከልክለው ነበር። በዚያን ጊዜ የተቀማጭ ዋስትናው ለአንድ ሰው 100,000 ሽልንግ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ወደ 500,000 ሽልንግ ከፍ ብሏል። ስለዚህ የባንኩ ጽናት ከክፍያው ዝርዝር ጋራ አብሮ ይመርመር።

የቀረን አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በሒሳብ መዝገብ የማይገባው ነው። አባወራው ዕዳውን የሰወሩት ቤታቸውን ለመጕዳት አልነበረም፤ ባለቤታቸውን ከአሳብ ለማዳን ብለው እንደ ነበር ደብዳቤው ራሱ ይመሰክራል። ነገር ግን የተሰወረ ዕዳ የራሱን ጊዜ መርጦ ይወጣል፤ በነዚህ ሰዎች ቤት የመረጠው ልጅ የታመመበትን ቀን ነው። ስለዚህ ለወይዘሮዋ የምንመክረው፥ ያለፈውን ለወቀሳ ሳያነሡ፥ ለባለቤታቸውም የምንመክረው፥ የስልኩን የብድር ልክ ዝቅ አስደርገው ወይም አዘግተው፥ ሁለቱም በያዝነው ወር መጨረሻ ትእዛዙን የማዛወሪያውን ደብዳቤ አብረው እንዲጽፉ ነው። የባንኩ መልስ ምን እንደ ሆነ ቢገልጡልን፥ ለሌሎች አንባቢዎች ትምህርት ስለሚሆን በዚሁ ዐምድ በደስታ እናወጣዋለን።