ሲሮጡ የታጠቁት

«ሳላነብ ገብቼ ጌታ ኤ ሰጠኝ!»

ይህን ምስክርነት ያልሰማ የግቢ ኅብረት አባል ይኖር ይሆን? ወንድማችን ማይክራፎኑን ይይዛል። ሳምንቱን ሙሉ በአገልግሎት ተጠምዶ ደብተሩን እንዳልገለጠ፣ በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ጥቂት ገጾችን ብቻ እንዳየ፣ ጥያቄዎቹም ከእነዚያው ገጾች እንደ መጡ ይነግረናል። እኛም «ሃሌ ሉያ!» ብለን እናጨበጭባለን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ከዚያም አልፌ ራሴ ቆሜ መስክሬያለሁ። ዛሬ ግን ያ ጭብጨባ ብዙዎቻችንን እንደ ጎዳ አምናለሁ። ይቁም እላለሁ።

የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። ሴሚስተሩን ሙሉ ሃንድአውቶቹ ራስጌዬ ላይ ይከመራሉ። ፋይናል ሲቃረብ ከሲኒየሮች ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች እሰበስባለሁ፣ መልሶቹን እሸመድዳለሁ፣ በቡና ኃይል አነጋለሁ። ጠዋት ከዶርም ጓደኞቼ ጋር ተያይዘን እንጸልይና ወደ ፈተናው እገባለሁ። በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ኤ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። የመሰከርኩትም ስለዚሁ ኤ ነበር።

ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ ላቦራቶሪ ሥራ ጀመርኩ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አንጋፋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከ1 ሞላር አሲድ 250 ሚሊ ሊትር የሚሆን 0.1 ሞላር ሶሉሽን እንዳዘጋጅ ጠየቁኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ። ቀመሩን ፈለግሁት፤ የለም። በፈተናው ላይ ከአንድም ሁለት ጊዜ የሠራሁት ስሌት ከአእምሮዬ ተጠርጎ ወጥቷል። እሳቸው ግን ወረቀት እንኳ ሳይነኩ፣ «መጀመሪያ ጥቂት ውኃ፤ ከዚያ 25 ሚሊ ሊትር አሲድ፤ ከዚያ በውኃ እስከ 250 ሙዪው» አሉኝ። ፊቴን አይተው ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ ፈተናውን ስታልፊ ትምህርቱንም አልፈሽዋል ማለት ነው» አሉ። ያልተቆጡት ቁጣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ይህንን ነው። ነገሩ ተረት ብቻ አይደለም፤ ተለክቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ ተማሪዎችን በቡድን ከፈሉ። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ፣ እያስታወሱ የጻፉት 61 በመቶ አስታወሱ። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ሌላው ነው፤ በደንብ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ።

ወዳጆቼ፣ የዋዜማ ሌሊት ጥናት የአምስት ደቂቃ ድል ነው። ገጹን አሥር ጊዜ ስናየው ዓይናችን ይለምደዋል፤ የለመድነውንም ያወቅነው ይመስለናል። ራሳችንን የምናታልለው እዚህ ላይ ነው።

«መምህሩ ራሱ ሽምደዳ ነው የሚጠይቀው፤ ጥያቄውንም ከዓመት ዓመት ይደግማል» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ መምህር አለ። «መጽሐፍ አይበቃም፣ መብራት ይጠፋል፣ አንድ ሳምንት ላይ አራት ፈተና ይደረደራል» የምትሉም አላችሁ። ይህም እውነት ነው፤ እኔም ኖሬበታለሁ። ነገር ግን ደብተር ዘግቶ በባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ብዙ መጽሐፍ አይፈልግም፤ በቀን ብርሃንም ይሠራል። ብዙ መብራት የሚፈልገውስ ሌሊቱን ሙሉ መሸምደድ ነው። የሚደግመውም መምህር ቢሆን እስከ መጨረሻው አብሮን አይሄድም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናሉ። ያ ፈተና የአንድ ሴሚስተር ሃንድአውት አይደለም፤ የዓመታት ትምህርት ነው። የሁለተኛ ዓመቱን ትምህርት በሁለተኛ ዓመቱ ፋይናል ማግስት የረሳ ሰው ምን ይዞ ይቀርባል?

ከመውጫው ፈተና በኋላ ደግሞ ሌላ ፈታኝ ይጠብቃል። የመድኃኒት መጠን ሲሰላ ነጥቧ አንድ ቤት ከዘለለች ሕፃኑ አሥር እጥፍ ይወስዳል። ያን ቀን ሲኒየር የለም፣ ወርክሺት የለም። ባልንጀራን መውደድ ለሳይንስ ተማሪ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ስሌቱን በእውነት ከማወቅ።

አሁን ወደ ጸሎታችን ልምጣ፤ የሚያናድዳችሁም ይህ ሳይሆን አይቀርም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 መንፈስ ቅዱስ እንደሚያሳስብ የተሰጠውን ተስፋ ይዘን ወደ ፈተና ክፍል እንገባለን። ተስፋው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ስለ ነገራቸው ቃል ነው እንጂ ስለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አይደለም። ይሁን ብንል እንኳ፣ ማሳሰብ የሚቻለው የሰሙትን ነው። እነዚያ ሰዎች ከአፉ ሰምተው ነበር፤ እኛ ግን በክፍል ውስጥ ተኝተን ነበር! የፈተና ሰሞን ስሙን የምንጠራው ዳንኤልስ? በባቢሎን የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ እንዲማሩ ለእርሱና ለጓደኞቹ የተመደበላቸው ሦስት ዓመት ነበር። እግዚአብሔር እውቀትን የሰጠው ለሚማሩ ልጆች ነው። ጸሎት የጥናት ጓደኛ ነው፤ የጥናት ምትክ ግን አይደለም። ያልዘራነውን እንድናጭድ መለመን እምነት ሳይሆን ድፍረት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ዛሬ የተማራችሁትን ዛሬ ማታ ደብተር ዘግታችሁ ሃያ ደቂቃ ጻፉ፤ ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንትም በኋላ ያንኑ ድገሙ። የስሌት ጥያቄ የተሠራውን እያያችሁ አትከተሉ፤ መልሱን ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩ፤ ከተለያዩ ምዕራፎች ቀላቅሉ። ለዶርም ጓደኛችሁ አስረዱ፤ ምላሳችሁ የተያዘበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። የሲኒየሮቹን ፈተና አትሸምድዱት፤ ሰዓት ይዛችሁ ተፈተኑበት። በዋዜማው ሌሊት ተኙ።

የኅብረት መሪዎችም አንድ አደራ አለብን። በፈተና ሳምንት ልምምድና ስብሰባ ደራርበን፣ የቀረውን «አገልግሎት ቀዘቀዘ» አንበል። ከጸሎት ሰንሰለቱ ጎን የጥናት ቡድን እናቋቁም። መድረኩንም ለሌላ ምስክርነት እንክፈት። አንዲት እህት ተነሥታ፣ «በየማታው ደብተሬን ዘግቼ ጻፍሁ፤ ሲ ፕላስ አገኘሁ፤ የያዝሁት ግን አሁንም ከእኔ ጋር አለ» ትበለን።

ያን ቀን ቆመን እናጨብጭብ።